ጤፍ ውስጥ የሰነበተው ስልክ

መገናኛ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነበር። ናስር ይባላል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የስልጤ ልጅ። እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ቴፕ የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ ካቻቢቴዬን በኪሴ ይዤ ሱቁ ገባሁ።

«ጋሼ፣ የሚጠገን ስልክ አለዎት?» አለኝ።

«ስልክ የለኝም። ጠጋኙ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ግን ወንበር ሳበልኝ።

የሰጠኝ ፈተና አንድ ስልክ ፈትቶ መልሶ መግጠም ነበር። መፍታቱን ፈታሁ። ስገጥም አንዲት ብሎን አልገባ አለችኝ። በሬዲዮ ልማዴ ጠበቅ አድርጌ ላዞራት ስል ናስር እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ረጅሟ ናት። ቦታዋ እዚያ ማዶ ነው። እዚህ ከገባች ቦርዱን ትወጋዋለች።»

«ይቺን የምታህል ነገር?»

«ይቺን የምታህል ነገር ስልክ ትገድላለች።»

ሬዲዮ ላይ ብሎን ያው ብሎን ነው፤ ከጠበቀ ጠበቀ። ስልክ ላይ ግን ሰሊጥ የሚያህሉት ሁሉ የየራሳቸው ቤት አላቸው። ናስር ሲፈታ ወረቀት ላይ ቁጥር እየጻፈ ይደረድራቸው ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስሜን እስክጽፍ ነው፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ስለዚህ የሻማ ሰም አቅልጬ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ አፈሰስኩ። ሲረጋ የስልክ ቅርጽ ጫርኩበት። እያንዳንዷን ብሎን ስፈታ ሰሙ ላይ በቦታዋ እተክላታለሁ። ማስነጠስ ቢመጣብኝም፣ ደንበኛ ጠረጴዛውን ቢገፋውም አትንቀሳቀስም።

ናስር አይቶ «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው» ብሎ ቀለደብኝ። በሳምንቱ እሱም ሰም ገዛ።

እዚያ ሱቅ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ወረንጦ አያያዝ፣ በሙቅ አየር ማንሳት፣ በቴስተር መለካት፣ ሁሉንም ከናስር ተማርኩ። ሰው ስለ ስልኩ ምን ያህል እንደማያውቅ ደግሞ ከደንበኛ ተማርኩ። አንዲት ሴትዮ የተሰነጠቀ ስክሪን ቀየርኩላትና አሮጌውን ወደ ቆሻሻ ልወረውር ስል ጮኸችብኝ።

«የልጄ ፎቶ ያለበትን ነው የሚጥሉት?»

«እሜቴ፣ ፎቶው እዚህ የለም። ይሄ መስታወት ነው።»

«ታዲያ የት ነው የማየው? እዚሁ አይደለም እንዴ?»

ተከራክሬ ተከራክሬ ደከመኝ። ስብርባሪውን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደስ ብሏት ሄደች።

ናስር ከዚያ በኋላ ለደንበኛ የምንናገረውን አስተካከለልን። «ስክሪን መስኮት ነው፤ ባትሪ ምግብ ነው፤ ሰውየው ያለው ቦርዱ ላይ ነው» እንድንል። ፎቶው፣ ድምጹ፣ የሰው ቁጥሩ፣ ሁሉም ቦርዱ ላይ ከተለጠፈች አንዲት ጥቁር ቁራጭ ውስጥ ነው ያለው። ቦርድ ተቀየረ ማለት ቤቱ ያው ሆኖ ሰውየው ተቀየረ ማለት ነው።

ጀርባዬ ሲያስቸግረኝ ከሱቁ ወጣሁ። ቤቴ ላምበረት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቴ የሺ በምግብ ጠረጴዛው ላይ እንድሠራ ፈቀደችልኝ፤ የፈቀደችው ግን በሕግ ነው። ጨርቁ ይነሳል። ምሳ ሳይደርስ ዕቃው ይነሳል። የሚጨስ ነገር በረንዳ ላይ ነው። «ወጥና ሊድ አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሊድ የምንለው ለመበየጃ የምናቀልጠውን ብረት ነው፤ ጭሱም ለሳምባ አይሆንም።

አሁን የምነግራችሁ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ምሕረት መጣች። ሲኤምሲ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የጀርባዬን ቅባት ከሷ ነው የምገዛው። እናቷን እትዬ አበበችን አስከትላለች። እትዬ አበበች ከሆሳዕና ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ምሕረት ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሳፋ ውስጥ ወደቀብኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሱቅ ወስጄው ሳይከፍቱ ቻርጀር ብቻ ሰክተው ቦርዱ ሞቷል አሉኝ። ቦርድ ይቀይሩልኝ።»

«መቼ ነው የወደቀው?»

«ሰኞ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

ምሕረት እናቷን አየች። እትዬ አበበች ቀና ብለው መለሱ፤ ያፈሩበት ነገር የለም።

«ሩዝ ውስጥ ይቀመጥ ይባላል አሉ። ሩዝ ቤት ውስጥ የለም። ጤፍ አለ። ጤፍ ከሩዝ ይበልጣል እንጂ ያንሳል?»

«ጤፍ ውስጥ ቀበሩት?»

«ከነጆንያው። ነጭ ማኛ ነው ደግሞ፣ ተራ ጤፍ እንዳይመስልህ።»

የሺ ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

ጀርባውን በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት፣ ባረጀ የባንክ ካርድ ሰነጠቅኩት፣ ስከፍተው ጤፉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በድምጽ ማጉያው ቀዳዳ ገብቷል፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ ገብቷል፣ ከባትሪው ሥር ገብቷል። ሩዝ ቢሆን በር ላይ ይቀር ነበር። ጤፍ ግን የማይገባበት የለም።

«የሺ፣ ወንፊት አምጪ!» አልኩ።

«ለእንጀራ አይበቃም፤ ለዶሮዋ ግን ቁርስ ነው» ብላ በእጇ ጠረገችው።

በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጸዳሁት። ሌላ ባትሪ ሞልቼ ገጠምኩበት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም። ቴስተሩን የባትሪው መግቢያ ላይ ባሳርፈው ጮኸ። መጮህ በሌለበት ቦታ ከጮኸ መስመሩ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ መብራቱ ወደ ቦርዱ ከመሄድ ይልቅ መንገድ ላይ ይፈሳል። እኔም እንደ ሱቁ ሰዎች «ቦርዱ ነው» አልኩ።

«እሺ ይቀየር» አለች ምሕረት፣ ቀለል አድርጋ።

«ልጄ፣ ቦርዱ ሲቀየር ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ፊቷ ተለወጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕረት ለቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር መዝሙር ትደርሳለች። ኖታ አታውቅም። ዜማ ሲመጣላት ስልኩን ከፍታ ታንጎራጉርበትና ታስቀምጣለች። እሑድ ዓመታዊ ኮንፈረንሳቸው ነው፤ ኳየሩ የሷን አዲስ መዝሙር ሊያቀርብ ነው። አዝማቹን አስጠንታቸዋለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ዜማው ይለወጣል፤ እሱ ያለው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው።

«የራስሽን ዜማ እንዴት ረሳሽው?» አልኳት።

«አልረሳሁትም፣ ጋሼ። ልይዘው ስል የሌላ ሰው መዝሙር ሆኖ ይመጣብኛል።»

«እስቲ በይው።»

እዚያው ተቀምጣ ዘመረች። ድምጿ ያምራል። የሺ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻትና «የኔ ልጅ፣ ይሄንንማ ጎረቤታችን ሬዲዮ ላይ ሲከፍቱት ሰምቼዋለሁ» አለቻት።

ምሕረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አዩ? ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሰው መዝሙር የኔ ነው ብዬ ላቀርብ ነው!»

ለናስር ደወልኩ። ዘዴ አለው። በሙቅ አየር ያቺን ጥቁር ቁራጭ ከሞተው ቦርድ ያነሳና ሌላ ቦርድ ላይ ይተክላታል። ታዲያ ሙቀቱ ትንሽ ከበዛ ቁራጯ ትቃጠላለች፤ ከተቃጠለች ዜማውን ማንም አያገኘውም። ናስር ሰው አያታልልም፣ ሁለቱንም ነገራት። ምሕረት አሰበችና «ይሞክረው፤ ሌላ ምን አለኝ?» አለች።

ዓርብ ጠዋት የሞተውን ቦርድ አውጥቼ ወደ ናስር ሱቅ መገናኛ ወረድኩ። ናስር የዚያኑ ዓይነት ስልክ፣ ስክሪኑ የደቀቀ፣ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የዚህን ቦርድ ምሕረት ስልክ ላይ እገጥማለሁ፤ የሞተውን እሱ ይወስድና ቁራጯን ሱቁ ባለ ሌላ ቦርድ ላይ ይተክላታል። እጁን ዘረጋ።

«አምጡት ጋሼ። መሣሪያው ሞቋል።»

«አልሰጥህም።»

«ምን?»

«አዲሱ በርቶ በዓይኔ ሳላይ አሮጌውን ከእጄ አላወጣም።»

«አንዱ ከአንዱ ምን አገናኘው? ለእሑድ እኮ ነው የሚፈለገው!»

«አላውቅም ምን እንዳገናኘው። ግን አልሰጥም።»

ምክንያት አልነበረኝም። የሬዲዮ ጠጋኝ አመል ነው፤ አዲሱ ዕቃ ድምጽ ሳያወጣ አሮጌውን አይጥልም። ናስር ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ እርስዎን ያሳመነ ሰው መንግሥተ ሰማያት ይገባል» አለኝ። አሮጌውን ቦርድ በሸሚዜ ኪስ፣ ስክሪኑ የደቀቀውን ስልክ በእጄ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ እናትና ልጅ ቀድመውኛል። ምሕረት ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። የሺ ጨርቁን አንስታ አስተካክላልኛለች።

ቦርድ መግጠም ችኮላ አይወድም። መጀመሪያ ስክሪኑ ከደቀቀው ስልክ ላይ የባትሪው ማያያዣ ይነቀላል፤ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት እሱ ነው። ቀጥሎ ፍላቶቹ ይነሳሉ። ፍላት ማለት እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነች ሽቦ ናት፤ አንዷ ስክሪኑን፣ አንዷ ማብሪያውን፣ አንዷ ደግሞ ከታች ያለችውን የቻርጀር ሰሌዳ ከቦርዱ ጋር ታገናኛለች። በጥፍር ሳይሆን በፕላስቲክ ቀና እየተደረገች ትነሳለች። ከዚያ የአንቴናዋ ክር፣ ከዚያ ካሜራው። ቦርዱ በጠርዙ ተይዞ ይወጣል። አዲሱን ስታስገባ ከሥሩ የተያዘ ፍላት አለመኖሩን ታያለህ። ብሎኖቹን ከሰሙ ላይ አንድ በአንድ አንስቼ መለስኩ። ባትሪውን መጨረሻ ገጠምኩ።

ማብሪያውን ተጫንኩ።

ዝም።

ደግሜ ጫን አድርጌ ያዝኩት። እትዬ አበበች «በኢየሱስ ስም!» አሉ። ስልኩ እሳቸውንም አልሰማም።

ናስርን ደወልኩለት። «የሰጠኸኝ ቦርድ የሞተ ነው።»

«ወላሂ ደህና ነው! ትናንት በዓይኔ በርቶ አይቼዋለሁ። ሲገጥሙ ምን አደረጉት?»

«ምንም አላደረግኩትም።»

«እንግዲያው እንደገና ይዩት። እልህዎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ይዩት።»

ዘጋሁበት። ተናድጄ ተቀመጥኩ። የሺ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አኖረችው፤ ጠረጴዛው ላይ ሻይ መቅረቡ ከሕጓ ውጭ ነው።

«ሁለቱም ቦርድ ሞተ?» አለችኝ።

«ሁለቱም።»

«ባንድ ቀን?»

«ባንድ ቀን።»

«ደምሴ፣ አምፑል ቀይረህ ካልበራ ሌላ አምፑል ትቀይራለህ። ያም ካልበራ ማብሪያ ማጥፊያውን ነው የምታየው። ይሄ ምን ልዩ ነገር አለው?»

ሻዩን ጠጣሁ።

ባትሪውን ነቀልኩ። ፍላቶቹን ሁሉ አወጣሁና አንድ በአንድ እየመለስኩ መሞከር ጀመርኩ። የስክሪኑንና የማብሪያውን ብቻ አስገብቼ፣ ባትሪውን ገጥሜ ተጫንኩ። ስልኩ መዳፌ ላይ ነዘረ። ስክሪኑ ቦግ አለ።

«በራ!» አለች ምሕረት።

«ዝም በይ፣ ገና ነው።»

ያላስገባሁት የታችኛውን ፍላት ነው፣ ወደ ቻርጀር ሰሌዳ የሚሄደውን። ማጉያ መነጽሬን አጠለቅኩና የሰሌዳውን ማያያዣ አየሁት። ከሽቦዎቹ መካከል አንዲት የጤፍ ፍሬ ገብታ፣ እርጥብ ሆና ተጨፍልቃ፣ በላዩ ቻርጀር ስለተሰካባት ጠቁራ ተጣብቃለች። ዙሪያዋ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። መብራቱ የሚፈሰው በሷ ነበር። እኔ ስለካ ፍላቱ እንደተሰካ ነው የለካሁት፤ ቴስተሩ የጮኸው ለቦርዱ ሳይሆን ለዚያች ፍሬ ነው።

በወረንጦ አንስቼ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። እትዬ አበበች ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት፣ እትዬ። ሁለተኛ ስልክ ውሃ ሲነካው አጥፍተው ያምጡልኝ። ቻርጀር አይሰኩበት፤ እህል ውስጥም አይቅበሩት።»

«እሺ። ግን ጤፉ ንጹሕ ነበር።»

«ጤፉን ማን አማው?»

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። አሮጌውን ቦርድ ከሸሚዜ ኪስ አወጣሁ። በሌላ ነገር ሞቶ እንደሆነስ? ውሃውስ ጎድቶት ከሆነ? ብቻውን ለካሁት። ቴስተሩ አልጮኸም። የናስርን ቦርድ መልሼ አወጣሁና አሮጌውን በቦታው አስተኛሁት። የተበላሸችውን የቻርጀር ሰሌዳ ስክሪኑ ከደቀቀው ስልክ በወሰድኳት ቀየርኩ። ብሎኖቹን መለስኩ። ምሕረት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔም በሆዴ አማተብኩ፤ ለሁሉም ብዬ።

ነዘረ። በራ። የምሕረት ፎቶ ወጣ፣ ኳየሩን በሙሉ ይዛ የቆመችበት።

ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ድምጾቿን ፈለገች። አንዱን ነካችው። መጀመሪያ የውሃ ድምጽ ተሰማ፣ ልብስ ሲታሸ። ከዚያ የሷ ድምጽ፣ ቀስ ብሎ፣ አዝማቹን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። የሺ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይሄኛውን ሬዲዮ ላይ አልሰማችውም። እኔም አልሰማሁትም። ዜማው ወደ መጨረሻው ሲደርስ ከስልኩ ውስጥ የእትዬ አበበች ድምጽ ጮኸ፦

«ምሕረት! ስልኩን ከሳፋው ጫፍ ላይ አንሺው፣ ይወድቃል!»

ምሕረት እዚያም ውስጥ «እሺ እማዬ፣ አሁን» አለች፤ ማንጎራጎሯን ግን አላቋረጠችም።

እትዬ አበበች ከወንበራቸው ተነሱ። «ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይ? አላልኩም? ከትናንት ጀምሮ በጤፍ ስትስቁብኝ!»

ምሕረት እያለቀሰችም እየሳቀችም እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሴትዮዋ ግን አልለቀቁም። «ድገሚው፣ ጋሼም በደንብ ይስማው» እያሉ ያቺን ቦታ ደጋግመው አስከፈቱ። ዜማው ለኳየሩ፣ ማስረጃው ለሳቸው ደረሰ።

የናስርን ቦርድ በማግስቱ መለስኩለት። የሆነውን ስነግረው መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ።

«ትናንት ሰጥተውኝ ቢሆን ያንን ደህና ቦርድ እጠብሰው ነበር» አለ።

«ላትጠብሰውም ትችል ነበር።»

«ልጠብሰውም እችል ነበር፣ ጋሼ።» ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሺ ሲኤምሲ ወደ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አለች። እኔ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ አዳራሻቸው አልገባም አልኩ። «እኔ እገባለሁ፤ መዝሙሩን በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሰማሁት» ብላኝ ገባች። እኔ ከበሩ ውጭ ከጥበቃው ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ድምጽ ማጉያቸው ትልቅ ስለሆነ መግባት አያስፈልግም። አዝማቹ አለፈ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የኳየሩ ድምጽ አንድ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ጥበቃው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይሄ አዲስ ነው፤ የማን ነው?» አለኝ።

«የምሕረት ነው» አልኩት።

ለሙያው ልጆች ያለኝ ይኸው ነው። የሞተ የሚመስል ስልክ ሲመጣላችሁ ፍላቶቹን ሁሉ ነቅላችሁ ቦርዱን ብቻውን ለኩ። ቦርድ መቀየር የመጨረሻ ሥራ ነው። ከቀየራችሁም አዲሱ ሳይሠራ አሮጌውን ለማንም አትስጡ።